ብሬከሩ ለምን አልወረደም?

የአንባቢዎች የኤሌክትሪክ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ ኧርዝ ነው። ግራውንድ የምትሉትም አላችሁ፣ አንድ ነው፤ የዕቃ ወይም የቱቦ ብረት ኤሌክትሪክ ቢይዝ በደህና የሚመለስበት መስመር ማለት ነው። አራቱን መርጫለሁ። በተለይ በጋራ ሕንፃ ላይ የምትኖሩ ሁሉንም ብታነቡ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም እዚያ የአንዱ ቤት ስህተት ቱቦና ቧንቧ ይዞ ሌላው ቤት ይገባል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለ 8 ፎቅ አፓርታማ ላይ የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ምድር ቤት ካለው ስዊችቦርድ ተነስቶ ወደ ውሃ ፓምፑ የሚሄድ፣ ግድግዳ ላይ የተዘረጋ የብረት ቱቦ አለን። ባለፈው ሳምንት ጥበቃችን እጁ እርጥብ እያለ ቱቦውን ሲነካው ክፉኛ ነዘረው። እግዚአብሔር አተረፈው። ባለሙያ ጠራን። እሱም ከቱቦው ላይ ሽቦ አስሮ፣ አንድ ሜትር የምትሆን ፌሮ መሬት ውስጥ ቀብሮ፣ ሽቦውን እሷ ላይ ጠምዝዞ «አሁን ኧርዝ አለው» ብሎን ሄደ። ብሬከሩ ግን ያኔም አልወረደም፣ አሁንም አልወረደም። ይበቃል ወይ? (የኮሚቴ ጸሐፊ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይበቃም። ይህን እንዳነበቡ ወርደው የፓምፑን ብሬከር ያጥፉት። ማንም እንዳያበራው ወረቀት ይለጥፉበት። አንድ ሁለት ቀን ውሃ በጄሪካን ይቀዳ።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ብዙ ሰው፣ ባለሙያውም ጭምር፣ «ኤሌክትሪክ መሬት ከገባ አለቀለት» ብሎ ያስባል። መሬት ኤሌክትሪክ አይውጥም። ከትራንስፎርመር የወጣ ኤሌክትሪክ የሚሄደው ተመልሶ እዚያው ትራንስፎርመር ለመግባት ነው። የሚመለስበት መንገድ ሰፊ ከሆነ ብዙ ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ ይነጉድና ብሬከሩ ይወርዳል። መንገዱ ጠባብ ከሆነ ግን ትንሽ ትንሽ እያለ ይፈስሳል፣ ብሬከሩም ምንም አይሰማውም፣ ቱቦው ደግሞ ሰው እስኪነካው ይጠብቃል።

በቁጥር ላሳይዎት። የተቀበረችው ፌሮ ከአፈሩ ጋር ያላት ሬዚስታንስ፣ ማለትም የመንገዱ ጥበት፣ 50 ኦም ነው እንበል። ለአንድ ሜትር ፌሮ ይህ የተጋነነ አይደለም። 220ን ለ50 ሲያካፍሉት 4.4 አምፒር ይመጣል። ባለ 16 አምፒር ብሬከር ይህን ሲያይ አንድ የልብስ ካውያ የተሰካ ነው የሚመስለው። እሺ፣ ፌሮዋ እጅግ ጥሩ ሆና 10 ኦም ወጣች እንበል፦ 22 አምፒር ነው። ባለ 16 ብሬከር 22 አምፒር ተሸክሞ ብዙ ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ታዲያ ቱቦው ላይ ያለው ቮልቴጅ ገዳይ ነው።

በሌላ በኩል ቱቦው ከስዊችቦርዱ የኧርዝ ባር (የኧርዝ ሽቦዎች ሁሉ ከሚታሰሩበት ብረት) ጋር በብረትና በመዳብ ሳይቋረጥ ቢያያዝ፣ ባሩም በሕንፃው መግቢያ ላይ ከኒውትራሉ (ኤሌክትሪክ ወደ ትራንስፎርመሩ ከሚመለስበት ሽቦ) ጋር ቢገናኝ፣ የመመለሻው መንገድ በሙሉ ግማሽ ኦም ገደማ ሊሆን ይችላል። 220 ለ0.5 ሲካፈል 440 አምፒር። ያኔ ብሬከሩ ዓይን ሳይርገበገብ ይወርዳል። ጥበቃችሁም ቱቦውን የሚነካው ከሞተ በኋላ ነው፤ ቱቦው ማለቴ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። ኒውትራልና ኧርዝ የሚገናኙት በዋናው መግቢያ ላይ፣ አንድ ቦታ ብቻ ነው። የእናንተ ሕንፃ መግቢያ ላይ ተገናኝተው ካላገኛችኋቸው በራሳችሁ እንዳታገናኟቸው፤ የመስመሩን ዓይነት የሚያውቅ መሐንዲስ አይቶ ይወስን። ሁለቱ ባልተገናኙበት ሕንፃ መሬት ውስጥ የሚተከለው የኧርዝ ዘንግ ብቻውን ብሬከር ስለማያወርድ፣ ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ወጥቶ ሲያመልጥ የሚቆርጠው ብሬከር፣ አርሲዲ የሚባለው፣ ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ፣ ለመሆኑ ቱቦው እንዴት ኤሌክትሪክ ያዘ? ይህን ማንም አልጠየቀም፣ ባለሙያውም አልፈለገም፤ የተናደድኩትም በዚህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ ራሴ ከእናንተው ጋር የሚመሳሰል ምድር ቤት ገብቼ ነበር። መብራቱን አጥፍቼ፣ የቱቦውን ጫፍ ከላሜራው ሳጥን ፈትቼ ሳወጣው፣ ቱቦው በሴጌቶ ተቆርጦ በሞረድ ሳይሳል እንዳለ ገብቷል። አፉን በጣቴ ስዳብሰው እንደ ምላጭ ነው። ሽቦው ሲጎተት በዚያ ስለት ላይ አልፏል። ቡናማው ሽቦ (ፌዙ፣ ኤሌክትሪክ ይዞ የሚመጣው) ላይ ጥፍር የምታክል ቁስል ነበረች፣ ጥቁር ብላ የተቃጠለች፣ ከውስጧ መዳቡ ብልጭ ይላል። ፓምፑ በተነሳ ቁጥር ቱቦው ይንቀጠቀጣል፣ ቁስሉም ብረቱን እየነካ ይመለሳል። በቃ፣ ጥፋቱ ይኸው ነበር።

ያን ቀን ሌላም ነገር አየሁ። ቱቦው ሳጥኑ ላይ በዳዶ ጥብቅ ብሎ ታስሯል፣ ለዓይን ምንም አይወጣለትም። መለኪያዬን አንዱን ጫፍ ቱቦው ላይ፣ ሌላውን የሳጥኑ መሬት ቡሎን ላይ ሳደርግ ግን ምንም ግንኙነት የለም። ለካ ሳጥኑ ቀለም የተቀባ ነው፣ ዳዶውም ቀለሙ ላይ ነው የተቀመጠው። በብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቄ ዳዶውን መልሼ ሳጠብቀው መለኪያው ጮኸ። ቦንዲንግ ሲባል የምንለው ይህንን ነው። ብረትን ከብረት ጋር ማስተሳሰር፣ በዓይን ሳይሆን በመለኪያ እስኪረጋገጥ ድረስ።

ስለዚህ ለእናንተ ሕንፃ እንዲህ ይደረግ። መጀመሪያ ሽቦው ከቱቦው ይውጣና የተጎዳው ይቀየር። የቱቦው አፍ ይሞረድ፣ የፕላስቲክ አፍ መከላከያም ይግባለት። ቱቦው ከሳጥን ጋር ሲታሰር ከውስጥም ከውጭም ዳዶ ይኑረው፣ የሚነካበት ቦታም ቀለሙ ይፋቅ። ከፌዙና ከኒውትራሉ ጋር አብሮ የኧርዝ ሽቦ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም በአንድ ላይ ያለው፣ በዚያው ቱቦ ውስጥ ይለፍ፣ ከስዊችቦርዱ ኧርዝ ባር ተነስቶ የፓምፑ ሞተር አካል ላይ ይታሰር። መንገድ ላይ ያለ እያንዳንዱ የብረት ሳጥንም ከዚህ ሽቦ ቅርንጫፍ ይድረሰው። ቱቦው ብቻውን መመለሻ እንዲሆን አልመክርም፤ የፓምፕ ክፍል እርጥብ ነው፣ የቱቦ መገጣጠሚያ ደግሞ ይዝጋል።

የሽቦው ውፍረት? እስከ 16 ሚሊሜትር ካሬ ድረስ ቢጫ አረንጓዴው ከፌዙ ጋር እኩል ይሁን። ፌዙ ከ16 በላይ እስከ 35 ከሆነ 16 ይበቃዋል፣ ከዚያ በላይ ሲሆን የፌዙ ግማሽ። ዋናው የውሃ ብረት ቧንቧ ወደ ሕንፃው በሚገባበት ቦታ ከኧርዝ ባሩ ጋር የሚያያዝበት ሽቦ ከ6 ሚሊሜትር ካሬ መዳብ እንዳያንስ፤ ትልቅ መስመር ለሚገባበት ሕንፃ ከዚህም ይወፍራል።

ፌሮዋን ምን እናድርጋት ካሉኝ፣ ትነቀል። ለብቻዋ የቆመች ኧርዝ ነች፣ ከሕንፃው ኧርዝ ጋር አልተያያዘችም። አንድ ሕንፃ አንድ የኧርዝ ሥርዓት ነው ሊኖረው የሚገባው። ዘንጎቹ ብዙ ቢሆኑም ሁሉም እርስ በርስ ይታሰራሉ። ፎቅ ላይ ያለው ነዋሪ «የራሴን ኧርዝ አስተከልኩ» ብሎ በመስኮት ሽቦ ሲያወርድ አይታችሁ ከሆነ አስቁሙት። የእሱ ብረትና የጎረቤቱ ብረት የተለያየ ቮልቴጅ ላይ ሊቆሙ ይችላሉ፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የነካ ደግሞ መሃል ይገባል።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ 3ኛ ፎቅ። ምጣዴ ስጋግር ይነዝረኝ ነበር። ጫማ አድርጌ ነው የምጋግረው። አንድ ልጅ መጥቶ ሶኬቱን ፈታና ውስጥ አጭር ሽቦ ጨመረ፣ ከዚያ ወዲህ መንዘሩ ቆሟል። ባለቤቴ ግን ልቡ አላረፈም፣ ጠይቂልኝ አለኝ። ምንድነው ያደረገው? (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ ልክ ነው። ያቺ አጭር ሽቦ ኒውትራሉን ከኧርዙ ቀዳዳ ጋር አገናኝታ ከሆነ፣ እንደምገምተውም ይህንኑ ነው ያደረገው፣ ከበፊቱ የባሰ አደጋ ላይ ነሽ። እስኪስተካከል በዚያ ሶኬት አትጋግሪ።

ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፣ ይህም ወደ 16 አምፒር ነው። ቤት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሶኬትና ሽቦ የሚያግለው እሱ ነው፤ ሶኬትሽ ጠቁሮ ወይም ቀልጦ አይተሽ ታውቂያለሽ። ሙቀት ቡሎን ያላላል። አንድ ቀን ኒውትራሉ ላልቶ ተቋረጠ እንበል። ኤሌክትሪኩ በፌዙ ገብቶ፣ በምጣዱ ጥቅል አልፎ፣ መመለሻ ያጣል። በዚያች አጭር ሽቦ በኩል ግን ወደ ምጣዱ አካል መንገድ አለው። ምጣዱ ጠፋ ብለሽ «ምን ነካው?» ብለሽ ትነኪዋለሽ፤ አካሉ በሙሉ 220 ቮልት ነው። ምጣዱ ምንም ሳይበላሽ! ብሬከሩም አይወርድም፣ በእሱ ዓይን ምንም አልተፈጠረምና።

ይህ ሥራ የሚያናድደኝ ደግሞ በመለኪያ ስለማይታወቅ ነው። ሶኬቱን በመለኪያ ብትሞክሪው ከፌዝ እስከ ኧርዝ 220፣ ከኒውትራል እስከ ኧርዝ ዜሮ ያሳያል፤ ልክ እንደ ጥሩ ኧርዝ። ገዢ ቤት ሲያይ፣ ባለሙያም ቸኩሎ ሲፈትሽ «አለው» ብሎ ያልፈዋል። የሚታወቀው ብሬከሩ ጠፍቶ ሶኬቱ ተፈትቶ ከኋላ ሲታይ ብቻ ነው።

የአንቺ ቤት ቱቦ እርግጠኛ ነኝ ፕላስቲክ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ላይ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው እሱ ነው። ፕላስቲክ ቱቦ ራሱ ኧርዝ አይፈልግም፣ ኤሌክትሪክም አይመልስም። ስለዚህ ቢጫ አረንጓዴው ሽቦ በውስጡ የግድ ማለፍ አለበት። ባለሙያው ሲመጣ ሶኬቱን ፈትቶ ይይ፤ ብዙ ጊዜ ሽቦው እዚያው ግድግዳው ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል፣ ማንም አላሰረውም። ካለ ይታሰር፣ ከቤትሽ ብሬከር ሳጥን እስከ ደረጃው ቆጣሪ ሳጥን፣ ከዚያም እስከ ታች ኧርዝ ድረስ መድረሱም ይለካ። ከሌለ አዲስ ይሳብ። አጭሯ ሽቦ ትውጣ። ባለ 30 ሚሊ አምፒር አርሲዲም ይገጠም። አርሲዲው ምጣዱን ስትሰኪ እየወረደ ካስቸገረሽ አርሲዲውን አትውቀሺ፤ ምጣድሽ እርጥበት ገብቶበታል ወይም ጥቅሉ አካሉን ነክቷል፣ እሱ ይጠገን።

የብሎካችሁን ኮሚቴም አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ደረጃው ላይ ያለው የቆጣሪ ሳጥን ውስጥ ወይም በየቤቱ ብሬከር ሳጥን ውስጥ ኒውትራልና ኧርዝ አብረው ታስረው እንደሆነ ያስፈትሹ። ከታሰሩ የሁላችሁም ምጣድ፣ የሁላችሁም ቦይለር የሚመልሰው ኤሌክትሪክ ከኒውትራሉ ጋር ተካፍሎ በኧርዝ ሽቦውና በብረቱ ሁሉ ይሄዳል። የዋናው ኒውትራል ቡሎን የላላ ቀን ደግሞ ጭነቱ በሙሉ በዚያ በኩል ይመጣል፣ ከምድር ቤት እስከ 4ኛ ፎቅ የሚነካ ብረት ሁሉ ይነዝራል። አንቺ ቤት ምንም ጥፋት ባይኖርም።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ከወንድሜ ጋር ሆነን 4 ቤት ያለው አሮጌ ሕንፃ ገዛን። ሶኬቶቹ ባለ ሦስት ቀዳዳ ናቸው፣ ግን ስከፍታቸው አረንጓዴ ሽቦ የለም። ሽቦው ሁሉ በስስ የብረት ቱቦ ውስጥ ነው የሚሄደው። አገር ቤት ኤሌክትሪክ ሠርቻለሁ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ግን አላየሁም። ኧርዝ የለውም ማለት ነው? ሁሉንም ልቀይረው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትቸኩል፣ ገንዘብህንም አታውጣ። አገር ቤት የለመድነው ፕላስቲክ ቱቦ ስለሆነ ነው ግራ የገባህ። በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኮድ ያ ስስ የብረት ቱቦ፣ ኢኤምቲ የሚሉት፣ ራሱ የኧርዝ መስመር ሆኖ ይቆጠራል። አረንጓዴ ሽቦ ባይኖርም ቱቦው ሥራውን ይሠራል፣ ከዳር እስከ ዳር ሳይቋረጥ ከደረሰ።

ጥያቄው ያ «ከደረሰ» ነው። አሮጌ ሕንፃ ላይ ብዙ እጅ አልፏል። ወጥ ቤት ሲታደስ አንዱ ቱቦውን ቆርጦ መሃል ላይ ፕላስቲክ ቀጥሎበታል። ሌላው ቦታ የመገጣጠሚያው ቡሎን ላልቶ ቱቦው ተንሸራትቶ ወጥቷል። አንዱ ጋ ደግሞ ተጣጣፊ ቱቦ ገብቷል፤ ኮዱ ተጣጣፊውን የብረት ቱቦ ያለ አረንጓዴ ሽቦ የሚቀበለው የመመለሻው መንገድ ላይ ያለው ርዝመቱ በጠቅላላ ከ6 ጫማ ካልበለጠ፣ በውስጡ ያለው መስመርም ከ20 አምፒር ካልበለጠ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሶኬት እስከ ፓኔሉ (የብሬከሮቹ ሳጥን) ይለካ። ሁሉንም ሶኬት፣ አንድም ሳትዘል። የተቋረጠው ከተገኘ እሱ ብቻ ይጠገናል፣ ወይም በዚያው ቱቦ ውስጥ አረንጓዴ ሽቦ ይሳባል፤ ለባለ 20 አምፒር መስመር ቁጥር 12 መዳብ ነው። ለጊዜው መጠገን ካልተቻለ ጂኤፍሲአይ ሶኬት (እንደ አርሲዲ የሚቆርጥ ሶኬት) አስገብቶ «ኧርዝ የለውም» የሚለውን ምልክት መለጠፍ ይፈቀዳል። ሰውን ያድናል፣ ኧርዝ ግን አይሆንም።

ከሁሉ በላይ እንዲታይልህ የምፈልገው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ከውጭ ወደ ዋናው ፓኔል የሚገባው የመግቢያ ቱቦ ነው። እሱን የሚጠብቀው ብሬከር ከኋላው የለም፣ ያለው የኤሌክትሪክ ድርጅቱ ፊውዝ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያ ተራ ዳዶ ብቻውን አይበቃም፤ ሽቦ የሚታሰርበት የቦንዲንግ ቡሺንግ ገብቶ ከፓኔሉ ጋር በመዳብ መያያዝ አለበት። ሁለተኛው የየአፓርታማው ትናንሽ ፓኔሎች ናቸው። እዚያ ኒውትራል ባሩ ከሳጥኑ ተለይቶ መቀመጥ አለበት። ኒውትራል ባሩን ከሳጥኑ ጋር የምታገናኘው አረንጓዴ የቦንዲንግ ቡሎን እዚያ ገብታ ከተገኘች ትውጣ፤ ዋናው መግቢያ ላይ ብቻ ነው ቦታዋ። ለ3ኛ ፎቅ እናት የጻፍኩትን አንብበው፣ ምክንያቱ ያው ነው።

ከቤቱ ውጭ የተተከለችውን የመዳብ ዘንግ አይተህ «ይኸው ኧርዝ» እንዳትል ደግሞ። 25 ኦም ብትሆን እንኳ በ120 ቮልት የምታሳልፈው 4.8 አምፒር ነው፣ ባለ 15 ብሬከር አይወርድም። ኮዱ ራሱ አፈር የጥፋት ኤሌክትሪክ መመለሻ ተደርጎ እንዳይቆጠር በግልጽ ይከለክላል። ዘንጓ የተተከለችው ለመብረቅና ለመሳሰሉት ነው።

የውሃ ቧንቧውም እንዳይረሳ። በጋራ ሕንፃ አንዱ አፓርታማ ውስጥ ያለው የብረት ቧንቧ በመሃል በገባ ፕላስቲክ ምክንያት ከሌላው ከተለየ፣ ከዚያው አፓርታማ ፓኔል የኧርዝ ባር ጋር እንዲያያዝ ኮዱ ይፈቅዳል። አገር ቤት ሙያው እንዳለህ አውቃለሁ፣ ግን ኪራይ ቤት ነው፣ ሰው ይኖርበታል፤ በብዙ ከተሞችም ባለቤቱ ራሱ እንዲሠራው አይፈቀድም። ፈቃድ ያለው ሰው ጥራ፣ አብረኸው ቁም፣ መለኪያውንም እየው።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ሥራ ተለማማጅ ነኝ። አለቃዬ ኧርዝ ስንተክል ጨውና ከሰል ያስጨምረናል። ጥቅም አለው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አለው፣ ግን አትመካበት። ከሰሉ እርጥበት ይይዛል። ጨው አፈሩ ኤሌክትሪክ በደንብ እንዲያሳልፍ ያደርጋል፤ ክረምት ሲመጣ ግን ዝናቡ እያጠበ ይወስደዋል፣ እስከዚያም ብረቱን ይበላዋል። በገላጣ ፌሮ ላይ ጨው ካፈሰስክማ እያገዝከው ነው የሚዝገው። የበለጠ የሚጠቅምህ ጥልቀት ነው። ዘንጉን ረዘም አድርገህ ወደ እርጥቡ አፈር አውርደው፤ ካልበቃ ሁለተኛ ጨምር፣ በመካከላቸው ቢያንስ የአንዱን ዘንግ ርዝመት ያህል አራርቀህ ተክለህ በመዳብ አያይዛቸው። ተጠግተው ከተተከሉ ሁለቱ እንደ አንድ ነው የሚሆኑት።

መለካቱን ደግሞ በበጋ አድርገው። ሐምሌ ላይ ተለክቶ የረካንበት ኧርዝ የካቲት ላይ አፈሩ ሲደርቅ ሌላ ቁጥር ነው የሚሰጥህ፣ ሕንፃው ላይ የሚኖሩት ሰዎች ደግሞ የካቲትንም እዚያው ናቸው። የለካኸውን ቁጥርና ቀኑን በማይለቅ ማርከር የስዊችቦርዱ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ጻፈው፤ ከአንተ በኋላ የሚከፍተው ሰው የሚያወዳድርበት ነገር ያገኛል።